ጦሳ ሥር የተሰማ ልብ

አራጋው ይማም ሰዳቢ እንዲሆን ዕጣ የወጣለት ሥራ ላይ እያለ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በወፍራም ሽቦ ተንጠልጥላ የምትወርደውን፣ ሕዝቡ «ዥዋዥዌ» የሚላትን ሰረገላ የሚነዳው እሱ ነበር። የጠዋቱን ተሳፋሪ ጭኖ ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርስ የሰረገላዋ ድምፅ ማጉያ በጨዋ ሴት ድምፅ ተናገረ።

«አቶ አራጋው ይማም፣ እንኳን ደስ አለዎት። ለምክር ቤት ከሚወዳደሩት መካከል ወይዘሮ ሰርካለም አሊጋዝን በሕዝብ ፊት እንዲሰድቡ ዕጣው ለእርስዎ ወጥቷል። በዕለቱ ከሥራ ነፃ ነዎት።»

ተሳፋሪው አጨበጨበ። ዕጣ የወጣለት ሰው ማጨብጨብ ልማድ ነው። ቲማቲም በቅርጫት ይዛ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠች ሴት ግን የሰርካለምን ስም ስትሰማ እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አኖረች። የጨፌ ሜዳ ሰው ነበረች።

«ዕጣም ዐይን አለው» አለች ቀስ ብላ።

አራጋው ሰረገላዋን ወደ ሸለቆው ለቀቃት።

የስድብ ቀን ከተደነገገ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ያሰቡት በጎ ነገር ነበር። ምርጫ በመጣ ቁጥር ተወዳዳሪ በስውር ይሰደባል፤ ስድቡም ከስልክ ወደ ስልክ እየዘለለ አገር ያቃጥላል። እንግዲያው ስድቡ ይፈቀድ፣ ግን በፀሐይ፣ ፊት ለፊት፣ በስም ይሁን አሉ። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ አንድ ሰዳቢ ከሕዝብ በዕጣ ይወጣል። ዘር፣ ሃይማኖትና እናት አይነኩም፤ የቀረው ሁሉ ነፃ ነው። ተወዳዳሪው ደሴ ሆጤ ሜዳ መካከል ያለው ድንጋይ ላይ ቆሞ ይሰማል፤ ሰዳቢው ሲጨርስ ይመልሳል። ድንጋዩን ከረገጠበት ጊዜ አንሥቶ የልቡ ምት በድምፅ ማጉያ ለሜዳው ሁሉ ይሰማል። አፍ ይዋሻል፣ ልብ አይዋሽም ተብሎ ነው።

ሕዝቡ ቶሎ ለመደው። ልቡ የዘለለ ተወዳዳሪ «ቁጡ ነው» ወይም «ፈሪ ነው» ተብሎ ይወድቃል፤ ልቡ ያልተነቃነቀ ያልፋል። ብዙም ሳይቆይ ተወዳዳሪዎቹ ልጓም ማስገባት ጀመሩ። ልጓም የምስር ፍሬ ብታክል ነው። ደረት ላይ ከቆዳ ሥር ትቀበራለች፤ ልብ ልሩጥ ሲል ትይዘዋለች። ማንም አልከለከለም። ከዚያ ወዲህ በሆጤ ሜዳ የሚሰማው ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ የሚል የግድግዳ ሰዓት የመሰለ ነገር ብቻ ሆነ። መልሱም አንድ ዓይነት ሆነ። ተወዳዳሪው ሌባ ቢባልም፣ ከሃዲ ቢባልም፣ «ስለ ቃልዎ አመሰግናለሁ፤ ከቃልዎ እማራለሁ» ብሎ ይወርዳል። የሰፈር ልጆች ኳስ ሜዳ ላይ ሲጣሉ ይህንኑ ይባባላሉ። ትልልቆቹ ሹራብ እየሠሩ፣ ቆሎ እየቆረጠሙ ያዳምጡና ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

ወይዘሮ ሰርካለም ቀድሞ የሰቀላ ግድብ ኃላፊ ነበረች። ከስድስት ዓመት በፊት ነሐሴ ላይ ዝናቡ አላቆም ብሎ ግድቡ ሊናድ ደረሰ። ቢናድ ኮምቦልቻ ከነሕዝቧ ትጠፋ ነበር። ሰርካለም የማስጠንቀቂያው ጩኸት እስኪነፋ ሳትጠብቅ የግድቡን በር ከፈተች። ኮምቦልቻ ተረፈች። ከግድቡ ግርጌ የነበረችው ጨፌ ሜዳ ግን ውሃ በላት። ከሞቱት አንዱ የአራጋው ታናሽ ወንድም ሰይድ ነበር። አጣሪዎች መጡ፤ አጥንተው፣ መዝነው፣ ልክ አድርጋለች ብለው ሄዱ። እሷም ስለዚያ ቀን በሕዝብ ፊት አንዲት ቃል ተንፍሳ አታውቅም።

ዕጣው በወጣ ማግስት አንድ ወጣት እስከ ሰረገላዋ ማደሪያ ድረስ አራጋውን ፍለጋ መጣ። ናሆም ይባላል፤ ለሌላው ተወዳዳሪ የሚሠራ፣ ጫማው አቧራ የማይነካው ልጅ ነው።

«ጋሽ አራጋው፣ ስድብ አዘጋጅተንልዎታል» አለ። «እንዲያው ዝም ብሎ ስድብ አይደለም። ልጓም የሚበጥስ ነው።»

«ልጓም ይበጠሳል እንዴ?»

«እስካሁን አልተበጠሰም። ግን ከሰይድ የመጨረሻ ስልክ ከጀመሩ፣ ድምፁን አስመስለው እሱ ያለውን ቃል በቃል ቢሏት...»

አራጋው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር፤ አቆመ። የዚያን ቀን ሰይድ ደውሎለት ነበር። «አያ፣ ግቢው ውስጥ ውሃ አለ፤ ፍየሎቹን ልፍታና እደውላለሁ» ብሎ መስመሩ ተቋረጠ። ይህን አራጋው ከወንድሙ ሚስት በቀር ለማንም አልተናገረም።

«ስልኩን ማን ነገረህ?»

«የማይታወቅ ነገር አለ እንዴ፣ ጋሼ?» አለ ናሆም፣ ምንም ክፋት በሌለበት ፊት።

«ሂድ ልጄ» አለው። «ወንድሜ የምርጫ ዕቃ አይደለም።»

ናሆም አልተቀየመም። ስለ ቃሉ አመስግኖት ሄደ።

እሑድ አራጋው የሰይድን ሚስት ዘምዘምን ሊጠይቅ ወረደ። ከጎርፉ የተረፉት ኮረብታው ላይ በተሠራላቸው፣ ሁሉም ቤት ሁሉንም በሚመስልበት ሰፈር ነበር የምትኖረው። ደጅ ላይ ተቀምጣ ሽምብራ ትለቅማለች። የቀድሞው መንደር ከደጇ ቀጥታ ቁልቁለቱ ሥር ቢሆንም ፊቷን ወደዚያ አዙራ አትቀመጥም።

«አያ አራጋው፣ ልትሰድባት ነው አሉ።»

«ዕጣ ነው የጣለብኝ።»

«ምን ሊያደርግልህ? አትሰማህም። ያ ነገር ደረቷ ውስጥ አለ፤ ሁሉም አላቸው። ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው።»

«ታዲያ ልተወው?»

ዘምዘም አንዲት ጠጠር አንሥታ ወረወረች። «አትተወው። ሰይድ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ንገርልኝ። እሷ ባትሰማ ሜዳው ይስማ። ሞቱ ተብለው ከተቆጠሩት መካከል ቁጥር ሆኖ ነው የቀረብኝ።»

አራጋው እሺ አለ። ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን የሚያስበው ስለ ሰይድ አልነበረም። ስድስት ዓመት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ የኖረውን ስድብ ነበር ቃል በቃል የሚያስተካክለው።

በስድብ ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። ሆጤ ሜዳ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ፤ ቦታ ያጣው ሰው ጦሳ ተራራ ጉያ ድረስ ወጥቶ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ተወዳዳሪ ድንጋዩ ላይ ቆመ። አንዲት የትምህርት ቤት ዘበኛ ውሸታም፣ ሆዳም፣ ምላሱ ሁለት አለችው። ልቡ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ አለ። አመሰገናት። ሕዝቡ ሹራቡን ቀጠለ።

ቀጥሎ ሰርካለም ወጣች። አራጋው በቅርብ ሲያያት የመጀመሪያው ነው። አጭር ሴት ናት፤ ፀጉሯ ሸብቷል፣ ነጠላዋን መስቀልኛ አጣፍታለች። ድንጋዩን ስትረግጥ ልቧ መሰማት ጀመረ። አቀበት የወጣ ሰው ልብ ይመስል ፈጠን ያለ፣ አንዳንዴም የሚሰናከል ነበር። ጥቂት ሰዎች ቀና አሉ። የልብ ምት የሚያሰማው ማሽን ሠራተኛ ሽቦውን ነካ ነካ አድርጎ ትከሻውን ነቀነቀ።

አራጋው በድንጋዩና በእሱ መካከል ከተሰመረው ነጭ መስመር ጫፍ ቆመ። መስመሩን ማለፍ ክልክል ነው። አፉን ሲከፍት ስድቡ ራሱ መንገዱን ያውቅ ነበር።

«አንቺ ሴትዮ! ውሃ ጠብቂ ቢሉሽ ሰው አስበላሽ። ለባለ ፎቁ አዝነሽ ባለ ጎጆውን በጎርፍ አስጠረግሽ። ውሻ እንኳ ከመንከሱ በፊት ይጮሃል፤ አንቺ ሳትጮኺ ነከስሽ!»

እዚህ ላይ ልቧ ዘለለ። አራጋው ሰማው፤ ግን የስድስት ዓመት ስድብ ቁልቁለት ይዞ ነበርና ሊቆም አልቻለም።

«ይኼን ሁሉ ዘመን አፍሽን ለጉመሽ ከርመሽ ዛሬ ምረጡኝ ብለሽ መጣሽ። ዐይንሽን በጨው ያጠብሽ! ልበ ድንጋይ!»

ያን ጊዜ ልቧ ጋለበ።

ከድምፅ ማጉያዎቹ ወጥቶ ሜዳውን አቋረጠ፤ ጦሳን መታ፤ ጦሳም ተቀብሎ መለሰው። አንዱ ምት ከፊት፣ አንዱ ምት ከተራራው እየመጣ ሜዳው መካከል ይገናኝ ጀመር። ከመስጊዱ ጉልላት ላይ እርግቦች ተነሥተው ከተማውን ዞሩ። ሹራብ የያዙ እጆች ቆሙ። የሚቆረጠም ቆሎ ድምፅ ጠፋ። ከፊት ረድፍ አንዲት ሕፃን «እማዬ፣ ምንድን ነው?» ስትል ተሰማ። እናትየው ራሷ ወጣት ናት፤ እሷም በልጓም ዘመን ተወልዳ ከሰዓት ምት በቀር እዚህ ሜዳ ላይ ሰምታ አታውቅም። ወደ ጎን ዞር ብላ አንድ ሽማግሌን በዐይኗ ጠየቀቻቸው።

«ልብ ነው» አሉ ሽማግሌው ቆባቸውን አውልቀው። «የሰው ልብ ነው።»

አራጋው በነፋስ መካከል ገደል ላይ ተንጠልጥሎ የሠራ ሰው ነው፤ ደንግጦ አያውቅም ለማለት ይቻላል። አሁን ግን ድምፁ በእግሩ መርገጫ ገብቶ በጉልበቱ አልፎ ደረቱ ላይ ሲደርስ የራሱ የቱ፣ የእሷ የቱ እንደሆነ ጠፋበት። አንዲት ትንሽ ሴት ድንጋይ ላይ ቆማለች። እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ፊቷ አልተለወጠም። ከውስጧ የሚወጣው ነገር ግን ተራራ ያንቀጠቅጣል። ያ ሁሉ ደግሞ በእሱ አፍ የተቀሰቀሰ ነው። ሰው ይህን የሚያህል ነገር ደረቱ ውስጥ ይዞ ዳቦ ሲገዛ፣ ሲሳፈር፣ ሲያወራ መዋሉን አስቦ አያውቅም ነበር።

ስድቡን እዚያው አቋረጠ።

«ጨርሰዋል?» አለች ሰርካለም። ድምፅዋ ከልቧ ምት ሥር ቀጭን ሆኖ መጣ። «ካልጨረሱ ይቀጥሉ። እየሰማሁዎት ነው።»

እየሰማችው እንደሆነ አራጋው አልተጠራጠረም። ሜዳው በሙሉ ምስክር ነበር። የዘምዘም ቃል ያን ጊዜ ትዝ አለው። ሲናገር ጩኸቱ አብሮት አልነበረም።

«ወንድሜ ሰይድ ይባል ነበር» አለ። «ሰርግ ቤት ከተገኘ ሌላ ጨፋሪ አያስፈልግም። የሰው ሥራ ሲያግዝ ውሎ የራሱን እርሻ አረም ይበላው ነበር፤ ሚስቱ ትቆጣዋለች፤ እሱ ይስቃል። ፍየሎቹን በየስማቸው ነው የሚጠራቸው። ውሃው ሲመጣ ራሱን ማዳን ይችል ነበር፤ እግሩ ፈጣን ነው። ፍየሎቹን ልፍታ ብሎ ቀረ።»

ልቧ ቆመ።

ከድንጋዩ አጠገብ የተመደበው ሐኪም ከመቀመጫው ብድግ አለ። በሜዳው ያለ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ፤ ከጦሳ የተመለሰው የመጨረሻ ምት አልፎ ባዶው ቀረ። ከዚያ አንድ ከባድ ምት መጣ፤ ሌላም፤ ሌላም። የሕዝቡ ትንፋሽ ባንድ ላይ ሲወጣ እንደ ነፋስ ተሰማ። ሰርካለም ሐኪሙን በእጇ አስቆመችውና ወደ አራጋው ዞረች።

«አመሰግናለሁ አልልዎትም» አለች። «የሚያመሰግኑት ነገር አይደለም፤ ያማል። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጩኸቱን ልጠብቅ ብል ግድቡ እኔን አይጠብቀኝም ነበር። ዛሬም ያው ዝናብ ቢመጣ ይኸው እጄ ያንኑ በር ይከፍታል። ይህን ልዋሽዎት አልችልም።»

ከሜዳው አንድ ሰው «አቤት!» አለ። ለመቃወም ይሁን ለማድነቅ አልታወቀም።

«ልክ ነሽ ካሉኝ ቀን ጀምሮ ልክ መሆኔ አንድ ቀን እንቅልፍ ሰጥቶኝ አያውቅም። ልትወዳደሪ ነው ብለው ልጓም አስገቡልኝ፤ ያን ጊዜ ተኛሁ። በሦስተኛው ሳምንት አስወጣሁት። ማን እንደሚመጣ አላውቅም ነበር። ግን ማንም ይሁን ማን፣ ሊሰድበኝ የመጣ ሰው ባዶ ቤት እንዳያንኳኳ ብዬ ነው።»

በዚህ አበቃች። ልቧ ግን ገና ይጋልብ ነበር። እጇ የሚይዘው ነገር ሲፈልግ አራጋው አየ። የሜዳው ጠባቂዎች በሕጉ የተመደበው ሰዓት እስኪያልቅ ይጠብቃሉ፤ ሐኪሙ የእሷን ትእዛዝ ይጠብቃል። አራጋው ነጩን መስመር ተሻገረ። ለምን እንደሆነ በኋላ በመርማሪዎች ሲጠየቅ «እንዳይወድቁ ብዬ» ብቻ ነው ያለው። ክንዷን ሲይዝ ያው ጦሳን የሚመታው ምት በመዳፉ ሥር ነበር፤ ትንሽ፣ ሙቅ፣ የሚንፈራገጥ።

«ይቀመጡ» አላት። «ይቀመጡ፣ እታለም።»

ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የማሽኑ ሠራተኛ እጁን ማጥፊያው ላይ እንዳደረገ ቀረ፤ አላጠፋውም። ከሜዳው የተነሣ ሰው አልነበረም። ልቧ ከግልቢያ ወደ ሶምሶማ፣ ከሶምሶማ ወደ እርምጃ ሲወርድ ያ ሁሉ ሕዝብ ተቀምጦ አደመጠ። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ደጁ ሲደርስ እንደሚያዘግም ዓይነት ነበር። የጦሳ ጥላ ሜዳውን እስኪነካ ድረስ ያጨበጨበም፣ የጮኸም አልነበረም። በጉያው የተቀመጡት ሲወርዱ እንኳ ድንጋይ እንዳይንከባለል ተጠንቅቀው ነበር የሚረግጡት።

በማግስቱ አራጋው ዘምዘም ዘንድ ወረደ።

«ሰማች?» አለችው፤ ስርጭቱን ላለመስማት ስትል ጎረቤት ቤት እንኳ አልሄደችም ነበር።

«ሰሙ» አለ አራጋው። «ስለ ፍየሎቹ ስናገር ልባቸው ቆመ።»

ዘምዘም «አንቱ» ማለት መጀመሩን ልብ አለች። ከዚያ ወደ ቁልቁለቱ ዞረች፤ ረጅም ጊዜ እዚያው አየች።

ሰርካለም በምርጫው ተሸነፈች፤ በጥቂትም አልነበረም። ተንታኞች ልቧ አስወደቃት አሉ። ናሆም የሚሠራለት፣ ልቡ እንደ ሰዓት የሚመታው ተወዳዳሪ ወንበሩን ያዘ። አራጋውም አልመረጣትም። ዘምዘም ስትጠይቀው «ካርዱን ስይዝ እጄ እምቢ አለኝ» አላት። «ቢያሸንፉ ግን ቅር አይለኝም ነበር።» መስመር ስለተሻገረ ሁለት ወር ሰረገላ እንዳይነዳ ተቀጣ፤ ይግባኝ አላለም።

በጎርፉ ሟቾች ዓመታዊ መታሰቢያ ቀን ሰርካለም ብቻዋን፣ በእግሯ ኮረብታው ሰፈር መጣች። ዘምዘም በር አልከፈተችላትም። ደጅ ላይ ቆማ ቆማ ሄደች። በዓመቱ ተመልሳ መጣች፤ ያን ጊዜም በሩ አልተከፈተም። በሦስተኛው ዓመት ዘምዘም በርጩማ ይዛ ወጣች፤ ደጅ ላይ አኖረችላትና ሽምብራዋን መልቀም ቀጠለች። ሁለቱም ወደ ቁልቁለቱ ዞረው ተቀመጡ። ምን እንደተባባሉ አራጋው አልጠየቀም።

የሚቀጥለው ምርጫ ደረሰ። በዚህኛው ዘምዘም ሆጤ ውሰደኝ ብላ ራሷ ጠየቀችው። ልጓም ይውጣ ብሎ ያዘዘ አካል አልነበረም፤ ሕጉም አልተለወጠም። ሕዝቡ ብቻ ሰዓት ማዳመጥ ሰልችቶታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ተወዳዳሪዎች ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ እያሉ ሲያመሰግኑ ሰው ከንፈሩን መጠጠ፤ አንዳንዱም ፀሐይ ሊሸሽ ተነሣ።

ሦስተኛው ለጋ ወጣት ነው፤ ኮሌታው አንገቱ ላይ ሰፍቶታል። ድንጋዩን ገና ሳይረግጥ አመነታ። ሲረግጠው ልቡ ከድምፅ ማጉያዎቹ እንደ ተለቀቀ በቅሎ ወጣ። ተነሥተው የነበሩት ተቀመጡ። ጦሳ ተቀበለው።

ዘምዘም የአራጋውን ክንድ ያዘች። «የሳቸውም እንዲህ ነበር?»

«ከዚህ ይበልጥ ነበር» አለ።

ወጣቱን እንዲሰድቡ ዕጣ የወጣላቸው አሮጊት፣ ከወረኢሉ የመጡ፣ ዘንጋቸውን ይዘው ነጩ መስመር ላይ ቆመዋል። ወደ ድምፅ ማጉያው ቀና ብለው አዳመጡ። ከዚያ ወደ ልጁ አዩ።

«አይዞህ ልጄ!» አሉት። «እኔ እኮ ገና አፌን አልከፈትኩም።»

ሜዳው በሣቅ ፈነዳ። ልጁም ሳቀ፤ ልቡም አብሮት ሲስቅ ከተራራው ተሰማ። አሮጊቷ ሣቁ እስኪበርድ ጠብቀው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ዘንጋቸውን አስተካክለው ተደገፉ፣ ስድባቸውንም ከሥሩ ጀመሩት። ሕዝቡ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ፣ ጸሎት ላይ እንዳለ ሰው ጸጥ አለ።